ናፍጣው የት ገባ?

ይኸውላችሁ፣ በዚህች ከተማ ስለ ናፍጣ የማያወራ ሰው የለም። ዋጋው ጨመረ፣ ከማደያ ጠፋ፣ ሰልፉ አደባባዩ ድረስ ደረሰ፣ እገሌ በበርሜል ሲያወጣ ተያዘ… ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል ብታደርጉ ከሦስት ወሬ አንዱ ናፍጣ ነው። ስለ አየር ግን ሲወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መቼም አየር ማደያ የለው፣ ታሪፍ የለው፣ ደረሰኝ የለው። (ጎማ ቤት የሚሞላውን ካልቆጠርን በቀር!) ጉዱ ታዲያ ምን መሰላችሁ? የናፍጣ ሞተር ከናፍጣው ይልቅ አየሩን ነው አብዝቶ የሚበላው። አየር ሲጎድልበት ደግሞ ስለ አየሩ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ስለ ሞተር አተነፋፈስ እንዳነብ ያስገደደኝ የአባቴ ደሞዝ መቆረጥ መጀመሩ ነው። እሱን እደርስበታለሁ። በቅድሚያ ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው፤ አለበለዚያ የአባቴ ታሪክ እንደ ማንኛውም ሮሮ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲመዘን ከ800 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ናፍጣ በሙሉ ነዶ እንዲያልቅ፣ በክብደት የራሱን 14 እጥፍ ተኩል ገደማ አየር ይፈልጋል። ይህም 12 ኪሎ ግራም ያህል ነው። "አየር ደግሞ ኪሎ አለው እንዴ?" እንዳትሉኝ፣ አለው። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ለአንድ ሊትር ናፍጣ 10 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ታውቁታላችሁ አይደል? አሥር ሮቶ ሙሉ አየር፣ ለአንዲት ሊትር ናፍጣ! ያውም ይህ ትንሹ ነው። ናፍጣውና አየሩ በቅጽበት ውስጥ በደንብ ስለማይደባለቁ፣ ሞተሩ ሳያጨስ እንዲሠራ ከዚህም በላይ ትርፍ አየር ይሻል።

አሠራሩን ደግሞ እዩት። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ካንዴላው እሳት ይጭራል፣ ቤንዚኑ ይነዳል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ15 እስከ 20 እጥፍ አጥብቦ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ እዚያ ግለት ውስጥ ናፍጣው እንደ ጭጋግ ሲረጭበት ያለ ጫሪ በራሱ ይነዳል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የሞላ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንዴት እንደሚያቃጥል ያውቃል፤ ነገሩ እሱው ነው። እንግዲህ ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የሚያዝዘው ናፍጣውን ነው። አየሩን የሚያዝዝበት ፔዳል የለውም። "ሞተሩ አየር ሳበ" እንላለን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ፒስተኑ ወረድ ብሎ ቦታ ይለቃል፣ ውጭ ያለው አየር ደግሞ በራሱ ግፊት እየተገፋ ይገባል። የውጭው ግፊት ብዙ ከሆነ ብዙ ይገባል፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ይገባል። አለቀ።

አሁን ወደ አገራችን መንገድ እንምጣ።

ጅቡቲ ወደብ ላይ፣ ባሕሩ ጠርዝ፣ የአየር ግፊቱ 1,013 ሚሊባር ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ እዚህ ግፊቱ ወደ 760 ሚሊባር ይወርዳል። ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። በደሴ መስመር ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ያለበት ቦታ፣ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ 700 ሚሊባርም አይሞላም። ለአንድ ሊትር ናፍጣ አሥር ሮቶ ያልነው አየር አዲስ አበባ ሲደርስ ከ13 ሮቶ በላይ ይሆናል፤ ሲሊንደሩ ግን አብሮ አይሰፋም! በግምት ሲሰላ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከባሕር ወለል በየ100 ሜትሩ ከፍ ባለ ቁጥር ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ይጥላል። ወደቡ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት የነበረው አዲስ አበባ ሲገባ 115 ገደማ ይቀረዋል። እንጦጦ ላይ የሚሮጡ አትሌቶቻችን ሰውነታቸው ከከፍታው ጋር ይላመዳል፣ ቀይ የደም ሴላቸው ይጨምራል። ሞተር ግን ኃይሌ ገብረሥላሴ አይደለም። ሃያ ዓመት እንጦጦን ቢወጣ አይለምደውም።

የባሰው ገና አልመጣም። የድሮው የናፍጣ ፖምፓ የት እንዳለ አያውቅም። ከፍታ የሚለካ ነገር ካልተገጠመለት በስተቀር፣ ወደቡ ላይ የሚሰጠውን ናፍጣ ጣርማ በር ላይም ይሰጣል። አየሩ ቀንሷል፣ ናፍጣው አልቀነሰም። አየር ያጣው ናፍጣ ታዲያ ምን ይሆናል? በወጉ ሳይነድ ጥቀርሻ ይሆንና በማርሚታው ይወጣል። ያ ዳገት የሚወጣ መኪና ፊታችን ላይ የሚለቀው ጥቁር ጭስ እሱ ነው። (ሰማያዊ ከሆነ የሚነደው የሞተር ዘይት ነው፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።) ሹፌሩ ጉልበት ሲያጣ አብዝቶ ይረግጣል፤ የሚጨመረው ግን ናፍጣ ነው፣ አየር አይደለም። ስለዚህ ጭሱ ይብሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ መኪናው ግን ያው ነው። ጭሱ ልብስ አጥቁሮ ብቻ የሚቀር እንዳይመስላችሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) አረጋግጦ በአንደኛው ምድብ አስፍሮታል።

ለአየሩ እጥረት መላ የዘየደው አልፍሬድ ቢዩኺ የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። በ1905 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ሙቀትና ግፊት ይዞ በከንቱ ይባክናል፤ ታዲያ ይህ ጭስ አንድ ትንሽ ዘዋሪ ያዙር፣ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለ ሌላ ዘዋሪ ደግሞ ንጹሑን አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይግፋው። ቱርቦ የምንለው ይኸው ነው። የናፍጣ መርከቦች ላይ ፍሬ ያፈራው ግን ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1920ዎቹ ነው። በመካከሉ፣ በ1918 (እ.ኤ.አ.)፣ ሳንፎርድ ሞስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። ሞተሩ የቤንዚን ቢሆንም አየር ያው አየር ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲገጠምለት ግን እዚያው ተራራ ላይ 356 ሆነ!

ዛሬ ከባድ መኪና ላይ ያለ ቱርቦ በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር ይሽከረከራል፤ ከውጭው ግፊት በላይ አንድ ባርና ከዚያ በላይ ይጨምራል። አየር ሲጨመቅ ስለሚግልና የጋለ አየር ደግሞ ስለሚሳሳ፣ ከቱርቦው ወጥቶ ራዲያተር በመሰለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል፤ ኢንተርኩለር ይሉታል። ከዚያ በወፍራም የላስቲክ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይገባል። አዳዲሶቹ ሞተሮች ደግሞ የሚገባውን ግፊት የሚለካ ሴንሰር አላቸው፤ ግፊቱ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ይቀንሳል። ጭሱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ ሴንሰር አየር አይፈጥርማ! "ቱርቦ ያለው መኪና ዳገት አይፈራም" የሚባለው እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ በዚያ የላስቲክ ቱቦ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አሁን ወደ አባቴ።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ተሳቢ ነድቷል። ከሚሠራበት ድርጅት ለአንድ ደርሶ መልስ የሚሰጠው ናፍጣ የተቆረጠ ነው፤ ከዚያ በላይ ከበላ ከደሞዙ ይቆረጣል። ለዓመታት ከተመደበው ላይ ጥቂት ሊትር አስተርፎ ሲመለስ ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በተከታታይ ሦስት ምልልስ በድምሩ 210 ሊትር አጎደለ። መጀመሪያ ተቆረጠበት። ቀጥሎ ተጠራ። ከዚያም ደብዳቤ ተጻፈለት። ደብዳቤው ላይ "ሌባ" የሚል ቃል የለም፤ "ከተመደበው በላይ ለሆነው የነዳጅ ፍጆታ በቂ ማብራሪያ ባለመስጠትዎ" ነው የሚለው። እናቴ ግን አንብባ እንደጨረሰች የተረዳችው ያንኑ ቃል ነው። ግቢው ውስጥም ሹክሹክታው ጀምሯል፤ "መንገድ ላይ እየቀዳ ይሸጣል" አሉት። እንዲህ ያለ ወሬ ለአንድ የመስመር ሹፌር ምን ማለት እንደሆነ የሹፌር ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

"ልጄ፣ መኪናው ትንፋሽ ያጥረዋል" አለኝ አንድ ማታ። "ጅቡቲ ደህና ነው፣ ሚሌ ደህና ነው። መተሐራን አልፌ ዳገቱን ስጀምር ደረቱን ያፍነዋል።"

"ታዲያ ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው። እነሱ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ናፍጣው የት ገባ?"

ጋዜጠኝነት ስንማር መጀመሪያ የሚያስጠኑን አምስቱን ጥያቄዎች ነው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። የድርጅቱ ጥያቄ በአፍ ሲነገር "የት?" ይላል። ከሥሩ ያለው ግን "ማን?" ነው። ማን ወሰደው? እኔ ደግሞ ጥያቄውን እንደተጻፈው ልውሰደው አልኩ። እውነት፣ ናፍጣው የት ገባ? በየትኛው ኪሎ ሜትር ላይ?

አባቴ ደብተር የመያዝ ልማድ አለው። የት እንደቀዳ፣ ስንት ሊትር፣ ኪሎ ሜትሩ ስንት ላይ እንደነበር፣ ምን እንደጫነ፣ ሁሉንም ይጽፋል። ያለፈውን ዓመት ደብተርና የዘንድሮውን ጎን ለጎን ዘርግተን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስንደምር ዋልን። ከጅቡቲ እስከ አዋሽ ባለው መንገድ የሁለቱ ዓመት ፍጆታ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። አዋሽ ሰባት ከፍታዋ ወደ 1,000 ሜትር ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ከዚያ አዲስ አበባ። ጎደለ የተባለው ናፍጣ በሙሉ ለማለት ይቻላል የጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ብቻ። ባዶውን ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ምንም የለም። እስቲ ፍረዱኝ፣ ከፍታ እየመረጠ የሚሰርቅ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የድርጅቱ ጋራዥ እስከዚያ ድረስ ምን አደረገ? ፖምፓውን አስለካ። ኖዝሎቹን ቀየረ። ታንከሩ ያፈስስ እንደሆን አየ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ተነካክቶ እንደሆን መረመረ። ልብ በሉ፣ ሁሉም ናፍጣው የሚሄድበትን መንገድ ነው የተከተሉት። የአየሩን መንገድ የነካ አንድም ሰው አልነበረም፤ የአየር ማጣሪያውን በኮምፕሬሰር አራግፈው መልሰው ከመግጠማቸው በስተቀር።

በመጨረሻ አባቴ በራሱ ወጪ አንድ የሚያውቃቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰደው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ማጣሪያውን አውጥተው ወደ ፀሐይ መያዝ ነበር። ብርሃን አያሳልፍም።

"ይህ ሰው በትራስ ታፍኖ እሩጥ እየተባለ ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ችግሩ እሱ ብቻ ነው?" አልኳቸው።

"ቆይ፣ አትቸኩዪ።"

ከቱርቦው መግቢያ ላይ ቱቦውን ፈትተው፣ የጎማ ቫልቭ የተበየደበት የቆርቆሮ መድፈኛ ገጠሙበት። ከዚያ በኮምፕሬሰር አንድ ባር ያህል አየር ሞሉና በየቱቦው ላይ የኦሞ አረፋ ማፍሰስ ጀመሩ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ድምፅ የሚባል የለም። ከኢንተርኩለር ወደ ሞተሩ የሚሄደው ላስቲክ ከሥሩ፣ ማሰሪያው የፈገፈገው ቦታ ላይ፣ አረፋው ፊኛ እየሠራ ይፈነዳ ጀመር። ስንጥቁ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ ግፊት ስለሌለ ስንጥቁ ግጥም ብሎ ይዘጋል፤ ጋራዥ ውስጥ ሁሌ ጤነኛ የሚመስለው ለዚህ ነበር። ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲጀምር፣ ቱርቦው ግፊቱን ሲያነሳ፣ እንደ አፍ ይከፈታል። ቱርቦው የደከመበት አየር አስፋልቱ ላይ ይበተናል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ አባቴ ማርሽ ይቀንሳል፣ ያንኑ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ፣ በከፍተኛ ዙር፣ ረዘም ላለ ሰዓት እያጨሰ ይወጣል። ናፍጣው የገባው እዚያ ነው። ጭስ ሆኖ ወጥቷል።

ቱቦውና ማጣሪያው ተቀየሩ። የሚቀጥለው ምልልስ ላይ አባቴ ከተመደበለት 11 ሊትር አስተርፎ ገባ። አሮጌውን ላስቲክ በፌስታል ጠቅልሎ፣ የደብተሩን ድምር ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አያይዞ ቢሮ ወሰደላቸው። ኃላፊው ላስቲኩን አገላብጦ አየና "ጥሩ ነው፣ እንግዲህ ተስተካከለ አይደል?" አለው። የተቆረጠው ገንዘብ አልተመለሰም። ደብዳቤውም እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ ነው። "ከፋይል ወረቀት ማውጣት አሠራሩ አይፈቅድም" ተብሏል።

ይህን የምጽፈው ለአባቴ ለመሟገት ብቻ አይደለም (እሱም አለበት፣ አልደብቃችሁም)። የመኪና ባለቤት የሆናችሁ፣ ሠራተኛ የምታስተዳድሩ፣ ነገ የምታስተዳድሩ፣ እባካችሁ ሰውየውን ከመጠየቃችሁ በፊት አየሩን ጠይቁ። ብዙ ከባድ መኪኖች አየር ማጣሪያው አጠገብ ትንሽ መስኮት አላቸው፤ ማጣሪያው ሲዘጋ ቀይ ይታይባታል። ለማየት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ቱቦዎቹን በአረፋ መፈተን ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጉልበት ሲያንስ ፖምፓውን ከፍ አድርጎ ናፍጣ ማብዛት ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ አየር ለጎደለው ሞተር ናፍጣ መጨመር ለታነቀ ሰው እንጀራ እንደማጉረስ ነው። የነዳጅ ምደባውም በጠቅላላ ኪሎ ሜትር ብቻ ባይሰላ ጥሩ ነው። የሚሌ ሜዳና የአዳማ ዳገት በሜትር እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፣ በአየር ግን እኩል አይደሉም።

"ኤሌክትሪክ መጥቶ የለ እንዴ? ናፍጣ አለቀለት" የሚል አይጠፋም። እርግጥ የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፣ ከፍታም አያደክመውም። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያንኑ አቀበት ያለ ጭስ ይወጣል፤ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ከወደቡ የሚመጣውን ዕቃ ተሸክመው መስመሩን የሞሉት ተሳቢዎች ግን ዛሬም በናፍጣ ነው የሚሄዱት። ገና ብዙ ዓመት ይተነፍሳሉ፤ እኛም ያወጡትን እንተነፍሳለን።

አባቴ አሁንም ያንኑ መስመር ይነዳል። ዳሽቦርዱ ላይ የቱርቦውን ግፊት የምታሳይ ትንሽ ጌጅ አለች። አዳማ ከመግባቱ በፊት ባለው ዳገት ላይ ቁጥሯን ያነብና ሲቆም ይጽፋታል። ማንም አላዘዘውም። የጉዞ ፎርሙ ላይ ለናፍጣ አራት ሣጥን አለ፤ ለአየር አንድም የለም። እሱ ጠርዙ ላይ ይጽፋታል።

ሰላም ቆዩልኝ!